ፋይል ኤክስፕሎረር ጠዋት ጠዋት ዘግይቶ ይከፈታል፣ የጥምቀት ፎልደር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል

ዘፒያሳ ፎቶ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከጥር ወር ወዲህ የሥራ ኮምፒውተራችን ፋይል ኤክስፕሎረር እያስቸገረን ስለሆነ፣ በጉዳዩ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትረዱን በትሕትና እጠይቃለሁ። ኮምፒውተሩ 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ 10 የተጫነው በኤስኤስዲ (በማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ላይ ሲሆን፣ የደንበኞች ሥራ የሚቀመጠው ግን በዩኤስቢ በሚሰካ ባለ 2 ቴራ ባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የቪዲዮ አቀናባሪያችን የሚሠራበት ሌላ ኮምፒውተርም ከዚሁ ጋር በኔትወርክ ኬብል ተገናኝቶ ይገኛል።

ጠዋት ሱቁን ከፍተን ኮምፒውተሩን ካበራን በኋላ የፋይል ኤክስፕሎረርን ምልክት ስንጫን፣ መስኮቱ ባዶውን ብቅ ይልና «ወርኪንግ ኦን ኢት» እያለ፣ በአድራሻው ሳጥን ውስጥም አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ እየተጎተተ አንድ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ያስጠብቀናል። ረፋዱ ላይ፣ በተለይ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ያው መስኮት በተጫንንበት ቅጽበት ይከፈታል፤ ምክንያቱ ሊገባን አልቻለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዘንድሮውን የከተራና የጥምቀት ሥራ ያስቀመጥንበት ፎልደር ነው። በፋሲለደስ መዋኛ የተነሡ ከ6 ሺህ የሚበልጡ ፎቶዎችና በርካታ ቪዲዮዎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ወደዚያ ስንገባ ትንንሾቹ ምስሎች ጥቂት ረድፍ ያህል ይወጡና ይቆማሉ፤ በመስኮቱ ርእስ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ይጨመራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከታች ያለው ታስክ ባር ሳይቀር ጠፍቶ ይመለሳል። ራይት ክሊክ ስናደርግም ዝርዝሩ እስኪወጣ ድረስ ማውዙ ክብ እየሠራ ይቆያል፤ ይህኛው ግን በየትኛውም ፎልደር ውስጥ የሚያጋጥም ነው።

ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፣ በከተራ ማታ ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ወደ ኤክስተርናሉ ፋይል እየገለበጥን ሳለ መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ቀሪውን ገለበጥን፤ ካርዱም ለማግስቱ ሥራ ስለሚፈለግ ተጸዳ። አንድ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ ተመልክቶ ፎርማት ከማድረግ ሌላ መፍትሔ እንደሌለው ነግሮናል። እኛ ግን የፎቶ ማቀናበሪያው፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ የፕሪንተሩ ድራይቨርና የቀለም ቅንብሩ ሁሉ እንደገና ሲጫን የሚፈጀውን ጊዜ እያሰብን ፈራን፤ የጥር ሙሽሮችም አልበማቸውን እየጠበቁ ነው። ይህ በእርግጥ ፎርማት የሚያስፈልገው ችግር ነውን? ካልሆነስ መንስኤውን ከየት ጀምረን እንፈልገው?

ፈጣን መፍትሔ፦

ሳይዘገዩ ፎርማት ያስደርጉት እላለሁ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሲያገለግል መንቀራፈፉ ያለ ነው፤ እንደ አዲስ ሲጫን ይፈጥናል። እግረ መንገድዎን ራሙን ወደ 16 ጊጋ ባይት ከፍ ቢያደርጉት ለፎቶ ሥራ ይጠቅማል። መንስኤ ፍለጋ ቀናት ከማባከን በግማሽ ቀን አዲስ ኮምፒውተር ያገኙ ያህል ማረፍ ይሻላል።

የማራኪ ጠጋኝ፦

ራም ስለ መጨመር የተሰጠው ምክር መልካም ቢሆንም ፎርማት አድርጉ የሚለውን አልቀበለውም። ፎርማት የሚደረገው ኤስኤስዲው ነው፤ የሚያቆመው ፎልደር ግን የሚገኘው በኤክስተርናሉ ላይ ነው። ዊንዶውሱ ታድሶ ያው ኤክስተርናል ሲሰካ ያው ፎልደር እንደ ገና ያቆመዋል፤ ደንበኛውም የጥገና ዋጋ ከፍሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በቅድሚያ የፋይል ኤክስፕሎረርን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። የፎልደር መስኮቶችን፣ ዴስክቶፑንና ታስክ ባሩን የሚያሳየው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ፎልደሩ ሲቆም ታስክ ባሩ አብሮ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሌሎችን በመጠየቅ ነው። ዲስኩን የፋይሎች ስም ይጠይቃል፤ ኔትወርኩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎልደር ይጠይቃል፤ የቪዲዮ ኮዴኩን (ቪዲዮን ፈትቶ የሚያነብበውን ፕሮግራም) ትንሽ ምስል እንዲያወጣለት ይጠይቃል፤ አንቲ ቫይረሱንና የፋይል ማሸጊያ ፕሮግራሙን በራይት ክሊክ ዝርዝር ውስጥ የሚያስገቡት ትእዛዝ እንዳለ ይጠይቃል። ከተጠየቁት አንዱ መልስ ቢያዘገይ በዓይናችን ፊት የሚደርቀው ኤክስፕሎረሩ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል። እንግዲህ ፍለጋው መሆን ያለበት ኤክስፕሎረሩ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እርስዎ የዘረዘሯቸው ሦስት ምልክቶችም አንድ መንስኤ ያላቸው አይመስለኝም።

የጠዋቱን በተመለከተ «ከ4 ሰዓት በኋላ» ያሉት ቃል ትልቅ ፍንጭ ነው። የቪዲዮ አቀናባሪው ኮምፒውተሩን የሚያበራው በዚያ ሰዓት ገደማ ይሆን? ከእሱ ኮምፒውተር ላይ ፎልደር ተጋርቶ በእርስዎ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ እንደ አንድ ድራይቭ፣ ለምሳሌ ዜድ በሚል ፊደል፣ ተቀምጦ ከሆነ ወይም በግራ በኩል ባለው «ኩዊክ አክሰስ» ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ፣ ኤክስፕሎረሩ በተከፈተ ቁጥር ያንን ኮምፒውተር ይጣራል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ «የለሁም» የሚል መልስ እንኳ አይመጣም፤ ስለዚህ የጥሪው ጊዜ እስኪያበቃ ይጠበቃል። አንዱ ሙከራ ብቻ 20 ሰከንድ ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ ሙከራው ሲደጋገም አንድ ደቂቃ መሙላቱ አያስደንቅም። ይህን ለማረጋገጥ ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከማብራትዎ በፊት የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉትና ኤክስፕሎረሩን ይክፈቱ። ኬብሉ ሲነቀል ዊንዶውስ መንገዱ እንደተዘጋ ወዲያው ስለሚያውቅ መጠበቁን ይተዋል። መስኮቱ ቶሎ ከተከፈተ መንስኤው ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሔውም ቀላል ነው። በዚያ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ዲስኮኔክት» የሚለውን ይምረጡ፤ በኩዊክ አክሰስ ውስጥ ያሉትን የኔትወርክና የተነቀሉ ፍላሾች ፎልደሮችም ያውጡ። ከዚያም በኤክስፕሎረሩ «ቪው» በሚለው ስር «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው፣ የቅርብ ጊዜ ፋይሎችንና አዘውትረው የሚከፈቱ ፎልደሮችን የሚያሳዩትን ሁለት ምልክቶች አንሥተው፣ የታሪክ ማጽጃውን «ክሊር» ይጫኑ። እዚያው ገጽ ላይ ኤክስፕሎረሩ ሲከፈት ከኩዊክ አክሰስ ይልቅ ዚስ ፒሲን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። የአቀናባሪው ፎልደር ሲያስፈልግዎ በአንድ ሾርትከት በኩል ይግቡበት፤ ሲጫኑት ብቻ ይጣራል።

ወደ ጥምቀቱ ፎልደር ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይረቅቃል። ዊንዶውስ በፎልደር ውስጥ የሚበዙት ፎቶዎች መሆናቸውን ሲያይ ፎልደሩን በራሱ ፈቃድ የፎቶ ፎልደር አድርጎ ይመድበዋል። በዚህ ጊዜ የሚያሳየው የቀን ዓምድ ፋይሉ የተለወጠበት ቀን ሳይሆን ፎቶው የተነሣበት ቀን ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፋይሉ የተለወጠበት ቀን ከስሙና ከመጠኑ ጋር በዲስኩ ማውጫ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ አንድ ጊዜ በማንበብ ይታወቃል፤ ፎቶው የተነሣበት ቀን ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ስለተጻፈ በዚያ ለመደርደር 6 ሺሁም ፋይሎች አንድ በአንድ መከፈት አለባቸው። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ፣ ያውም በዩኤስቢ በኩል፣ ይህ ከባድ ሥራ ነው። በዚህ ላይ የትንንሾቹ ምስሎች ዝግጅት ይጨመራል።

ስለዚህ ወደ ፎልደሩ ሳይገቡ፣ ከውጭ ሆነው ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ከስተማይዝ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ «ኦፕቲማይዝ ዚስ ፎልደር ፎር» ከሚለው ስር «ጀነራል አይተምስ» የሚለውን መርጠው ለውስጥ ፎልደሮችም እንዲሠራ ያዝዙት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምርመራ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው በዚያ ፎልደር ላይ «ዲር» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ይህ ትእዛዝ ፋይሎቹን ሳይከፍት ስማቸውን ብቻ ከማውጫው ያነብባል። ስሞቹ እንደ ጎርፍ ሳይቋረጡ ከወረዱ የዲስኩ ማውጫ ደኅና ነው፣ የሚያቆመውም የአንዳንድ ፋይሎች ውስጥ ነው። ዲርም ራሱ መንገድ ላይ ከቆመ ግን ጉዳዩ የሃርድ ዲስኩ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ይተዉት።

በከተራ ማታ የተቋረጠው ኮፒም ያጠራጥረኛል። ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ የፋይሉን የውስጥ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ኮፒው መንገድ ላይ ሲቋረጥ ማውጫ የሌለው ቪዲዮ ይተርፋል። ስሙም መጠኑም ትክክል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ትንሽ ምስል ሊያወጣለት የሚሞክረው ኮዴክ ግን እዚያው ተጠምዶ ይቀራል። በኦፕሽንስ ውስጥ «ቪው» በሚለው ገጽ ላይ ትንንሽ ምስሎችን ትቶ ምልክት ብቻ እንዲያሳይ ካዘዙት በኋላ ፎልደሩ ያለ ችግር ከተከፈተ፣ ቪዲዮዎቹን ወደ ሌላ ፎልደር ይለዩና ምስሎቹን መልሰው ያብሩ። የሚያቆመው የቪዲዮዎቹ ፎልደር ከሆነ ግማሾቹን እያወጡ መሞከር ነው፤ በየጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ ቶሎ ይገኛል። የራይት ክሊኩን ጉዳይ እነዚህ ከተለዩ በኋላ ብናየው ይሻላል።

የሃርድ ዲስክ ነገር፦

የማራኪው ወንድማችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልቀይረው እወዳለሁ። መብራት ሲጠፋ በሥራ ላይ የነበረ፣ የደንበኞች ሥራ ብቸኛ ቅጂ ያለበት፣ አሁን ደግሞ መዘግየት የጀመረ ሃርድ ዲስክ ሲኖር የመጀመሪያው ሥራ የዲስኩን ጤና ማየት ነው። ቅንብር መቀያየር ነገም ይደርሳል።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን መረጃ ያሳያል፤ በዩኤስቢ የተሰኩትንም አብዛኞቹን ያነብባል። ከላይ ሰማያዊ ሆኖ «ጉድ» ካለ መልካም፤ ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ከስር «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ ካውንት» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር ካውንት» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ይመልከቱ። የመጀመሪያው በመበላሸታቸው ምክንያት በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሁለተኛው ደግሞ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸውን ቦታዎች ይቆጥራል፤ ለኤክስፕሎረር መቆም ዋናው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ዲስኩ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ተስፋ ሳይቆርጥ ደጋግሞ ለማንበብ ስለሚሞክር፣ ለአንዲት ፎቶ ብዙ ሰከንዶች ሊያልፉ ይችላሉ።

ፕሮግራም ማውረድ ካልፈለጉ ፎልደሩ በቆመበት ሰዓት ታስክ ማናጀርን (በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ከፍተው «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ የኤክስተርናሉን ሁኔታ ይዩ። «አክቲቭ ታይም» 100 በመቶ ሆኖ ሳለ የሚነበበው መጠን ግን ከዜሮ ብዙም ካልራቀ፣ ዲስኩ እየለፋ ውጤት አላገኘም ማለት ነው። በዊንዶውስ «ኢቨንት ቪውር» ውስጥም «ሲስተም» በሚለው መዝገብ ላይ ከ«ዲስክ» የመጣ ቁጥር 7 ወይም ቁጥር 153 ካገኙ፣ የመጀመሪያው የተበላሸ ቦታ መገኘቱን፣ ሁለተኛው ሳይሳካ ቀርቶ የተደገመ ንባብ መኖሩን ይናገራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ብዙዎች ዲስክ ሲያስቸግር «ቼክ ዲስክ» የሚባለውን ትእዛዝ መጥፎ ቦታዎችን ከሚፈልገው አማራጭ ጋር ወዲያው ያዝዛሉ። ይህ አማራጭ የዲስኩን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብብ በ2 ቴራ ባይት ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የደከመ ዲስክን ደግሞ ጭራሽ ሊገድለው ይችላል። በቅድሚያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ያሽሹ፤ ቼክ ዲስክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሲገለብጡም በመጎተት ሳይሆን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው «ሮቦ ኮፒ» ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን የሚደግምበትን ብዛትና በመካከል የሚጠብቀውን ጊዜ ሁለቱንም 1 ብለው ይወስኑለት። ካልተወሰነለት በአንድ የማይነበብ ፋይል ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ በየመካከሉ 30 ሰከንድ እየጠበቀ፣ ለመሞከር የታዘዘ ነው፤ ያን ያህል ዕድሜ ማንም የለውም።

ኤክስተርናሉ በምን ዓይነት የፋይል አሠራር (ዲስኩ ፋይሎችን በሚያደራጅበት ስልት) እንደተዘጋጀም ይዩ። ኤክስፋት ከሆነ እንደ ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ ስለማይይዝ መብራት በድንገት ሲጠፋ የበለጠ ይጎዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ከሌላችሁ ትልልቅ ኮፒዎችን በላፕቶፕ ላይ ማድረግ ዋጋው ያነሰ መከላከያ ነው።

የአዘዞዋ ጸሐፊ፦

በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ ላይ ስላለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከደንበኞች ፍላሽ ጋር የሚመጣው ሾርትከት ቫይረስም ኤክስፕሎረርን ያጓትታል። ምልክቱ ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች መታየታቸው ነው፤ ትክክለኞቹ ፎልደሮች ግን ተደብቀው እዚያው አሉ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ደብሊው ስክሪፕት» የሚባል ፕሮግራም ማንም ሳይከፍተው ሲሠራ ከተገኘ መጠርጠር ይገባል። ሾርትከቶቹን ከመጫን ይልቅ በዊንዶውስ ዲፌንደር ፍላሹንም ኮምፒውተሩንም መመርመር፣ ከዚያም በኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። የጠያቂው ችግር ይህ ላይሆን ይችላል፤ ፎቶ ቤት ውስጥ በቀን የሚሰካውን ፍላሽና ካርድ ብዛት ስለማውቅ ግን ሳይታይ እንዳይታለፍ ብዬ ነው።

ዘፒያሳ ፎቶ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ቫይረስ ተመርምሮ አልተገኘም። የተቀረውን እንደ ምክራችሁ አከናውነን የሚከተለውን አግኝተናል።

የኔትወርክ ኬብሉን ነቅለን ጠዋት ስንከፍተው ኤክስፕሎረሩ ወዲያው ተከፈተ። በእርግጥም ዜድ የሚል ድራይቭ ነበረን፤ አቀናባሪያችንም የሚገባው በ4 ሰዓት ነው። ድራይቩን ካነሣን ወዲህ የጠዋቱ ጥበቃ ቀርቷል።

በዲር ትእዛዝ የጥምቀቱ ፎልደር ስሞች ሳይቋረጡ ወረዱ። ፎልደሩን ጀነራል አይተምስ ስናደርገው ፎቶዎቹ መታየት ቻሉ፤ ቪዲዮዎቹ ሲለዩም አጥፊው በከተራ ማታ የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ ሆኖ ተገኘ፤ ታቦታቱ ወደ መዋኛው ሲገቡ የሚያሳየው ነው። መጠኑ ከሌሎቹ አያንስም፤ በየትኛውም ማጫወቻ ግን አይከፈትም። እሱን ወደ ብቻው ፎልደር ስናወጣው ሌሎቹ ሁሉ እንደ ልባቸው ይከፈታሉ።

የሚያስጨንቀን ግን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቢጫ ሆኖ ኮሽን ማለቱ ነው፤ በይደር የተያዙት ቦታዎችም ዜሮ አይደሉም። አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዝተን በሮቦ ኮፒ ሁሉንም ገልብጠናል፤ ከጥቂት የቆዩ ፎቶዎች በስተቀር ስሕተት አልመዘገበም። የተበላሸው ቪዲዮም ራሱ ያለ ስሕተት ተገልብጧል፤ በአዲሱም ዲስክ ላይ ግን አይጫወትም። ቪዲዮው የተበላሸው በዲስኩ ድካም ነው ወይስ በመብራቱ መጥፋት? ሊድን የሚችልበት መንገድስ ይኖር ይሆን? ራይት ክሊኩ ደግሞ እስካሁን እንደ ዘገየ ነው።

የሃርድ ዲስክ ነገር፦

ቪዲዮው ያለ ስሕተት ከተገለበጠ ዲስኩ እያንዳንዱን ክፍል አንብቦ ሰጥቷል ማለት ስለሆነ፣ ጉድለቱ መጀመሪያ ሲጻፍ የተፈጠረ ነው፤ የመብራቱ ነገር ይመስላል። ዊንዶውስ ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ ቦታውን አስቀድሞ ስለሚይዝ፣ ይዘቱ ሳይሞላ መጠኑ ሙሉ መስሎ መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ያልተገለበጡት የቆዩ ፎቶዎች ግን የዲስኩ ድካም ሰለባዎች ናቸው፤ ለሕትመት የወጡ ከሆነ ከፕሪንተሩ ኮምፒውተር ወይም ከደንበኞች ፍላሽ ፈልጓቸው። አሮጌውን ዲስክ ከእንግዲህ ለደንበኛ ሥራ አትመኑት።

የማራኪ ጠጋኝ፦

ስለ ቪዲዮው ተስፋውን ከፍ አላደርገውም። ካርዱ ተጸድቶ በማግስቱ ሌላ ስለተቀረጸበት ከካርዱ የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም የጥምቀቱ ዕለት ቀረጻ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ካልሞላውና ከዚያ ወዲህም ካልተሠራበት «ፎቶ ሬክ» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መሞከር አይከፋም። የሚያገኘውን ፋይል በካርዱ ላይ ሳይሆን በሌላ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ያዝዙት። ከተቆረጠው ፋይል ላይ ደግሞ፣ ከዚያው ካሜራ በዚያው ቅንብር የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮን እንደ ናሙና ወስደው ማውጫውን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚያድኑት ግን በእርግጥ የተጻፈውን ክፍል ብቻ ነው። ኮፒው ግማሽ ላይ ደርሶ ከነበረ ግማሹ ሊገኝ ይችላል፤ ለታቦታቱ አገባብ ግማሹም ቀላል አይደለም።

ራይት ክሊኩን በተመለከተ፣ የሚጫኑት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የራሳቸውን ትእዛዝ ያስገባሉ፤ ኤክስፕሎረሩም ዝርዝሩን ከማሳየቱ በፊት ሁሉንም ይጠራል። የተነሣ ፕሮግራም ቅሪት ወይም የቆየ የፕሪንተር መገልገያ እዚያ ተቀምጦ ሊያዘገይ ይችላል። «ሼል ኤክስ ቪው» የሚባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም እነዚህን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከዊንዶውስ ጋር የመጡትን ነጭ፣ ከውጭ የተጨመሩትን ሮዝ ቀለም አድርጎ ያሳያል። ነጮቹን አይንኩ። ሮዞቹን ከነዓይነታቸው ካስተዋሉ በኋላ ሁሉንም በአንድነት ያጥፏቸው፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» የሚለውን መርጠው «ሪስታርት» ይበሉና ራይት ክሊኩን ይሞክሩ። ከፈጠነ ጥቂት ጥቂቱን እያበሩ መሞከር ነው፤ መዘግየቱ በተመለሰበት ዙር ውስጥ አጥፊው አለ። ማጥፋቱ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ አያነሣውም፤ ከዝርዝሩ ብቻ ያስወጣዋል፤ ሲፈልጉም መልሰው ያበሩታል።

ይህም ካልሠራ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው «ኤስኤፍሲ ስካን ናው» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፤ የተጎዱ የዊንዶውስ ፋይሎች ካሉ ይተካቸዋል። ስለ ፎርማት ማሰብ የሚገባው ይህ ሁሉ አልፎ፣ ኤክስተርናሉም ኬብሉም ተነቅለው፣ በአዲስ የዊንዶውስ አካውንት ሲገቡም ኤክስፕሎረሩ የሚቆም ከሆነ ነው። በነገራችን ላይ ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አንድ ቀን እንደ አዲስ መጫናችሁ ባይቀርም፣ ያን በጾሙ ወቅት ሰርግ ሲቀንስ ብታደርጉት ይሻላል፤ አሁን አልበሞቹን አድርሱ።